ሉድቪግ፦ የአንድ ጥንታዊ የወንድ ስም ትርጉምና ታሪክ

ሉድቪግ ጀርመንኛ በሚነገርባቸው አገሮች ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲወጣ የኖረ የወንድ ስም ነው። ከሁለት ጥንታዊ ቃላት የተገጠመ ሲሆን የመጀመሪያው «ህሉድ» (ስሙ የተሰማ፣ ዝነኛ)፣ ሁለተኛው «ዊግ» (ጦርነት፣ ውጊያ) ነው። የፈረንሳዩ ሉዊ፣ የጣሊያኑ ሉዊጂ፣ የስፔኑና የእንግሊዙ ሉዊስ፣ የሆላንዱ ሎደቬይክ፣ የሀንጋሪው ላዮሽ ሁሉም ይኸው ስም ናቸው። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥም አለ፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር የተቀመጠው ሚስዮናዊ ክራፕፍ ስሙ ዮሐን ሉድቪግ ነበር። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ቃላት

«ህሉድ» ዘመዱ ብዙ ነው። ሥሩ «መስማት» ማለት ሲሆን ከዚያ «የተሰማ»፣ ቀጥሎም «ስሙ የገነነ» የሚለው ፍች ወጣ። ድምፁ ከፍ ያለን ነገር የሚገልጹት የዛሬው ጀርመንኛ «ላውት» እና እንግሊዝኛው «ላውድ» የዚሁ ቃል ልጆች ናቸው። ግሪኮች ዝናን «ክሌኦስ» ይሉታል፤ ክሊዮፓትራ በሚለው ስም መጀመሪያ ላይ ያለው እሱ ነው። በስላቭ ቋንቋዎች «ስላቫ» ሆኖ ስታኒስላቭንና ያሮስላቭን በመሳሰሉ ስሞች መጨረሻ ላይ ይገኛል። እንዲያውም ግሪኮች ክሌኦማኮስ የሚል የወንድ ስም ነበራቸው፤ «ክሌኦስ» ዝና፣ «ማኬ» ውጊያ። የስሙ ሁለት ክፍሎች ከሉድቪግ ጋር አንድ በአንድ ይገጥማሉ።

ግሪክኛው በ«ክ» ጀርመኒኩ በ«ህ» መጀመሩ በአጋጣሚ አይደለም። የጀርመኒክ ቋንቋዎች (ጀርመንኛ፣ እንግሊዝኛና መሰሎቻቸው) ከዘመዶቻቸው ሲለዩ በቃል መጀመሪያ ላይ የነበረውን ጥንታዊ «ክ» በወጥ ደንብ ወደ «ህ» ለውጠውታል። ይህች «ህ» በኋላ ደግሞ ራሷ ጠፍታለች። አንድ አሮጌ ጽሑፍ ላይ ስሙ ሲገኝ በመጀመሪያ የሚታየው እሷ መኖር አለመኖሯ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ሁለተኛው ክፍል «ዊግ» ላይ ስህተት ይበዛል። ብዙ የሕፃናት ስም ዝርዝሮች ሉድቪግን «ዝነኛ ተዋጊ» ብለው ይፈቱታል። ዊግ ግን ውጊያው ነው እንጂ ተዋጊው አይደለም። «በውጊያ ስሙ የተሰማ» ቢባል ይቀርባል፤ ይህም ቢሆን ሁለቱን ቃላት በግድ ወደ አንድ ሐረግ ማያያዝ ነው። የጥንት ጀርመኒክ ስሞች እንደ ዓረፍተ ነገር አልተሠሩም። ስም አውጪው ከአባት ወገን አንድ ቃል፣ ከእናት ወይም ከአያት ወገን ሌላ ቃል አንስቶ ይገጥማል፤ ቃላቱ የሚመረጡት ዘሩን ለማሳየት ነው። በጥንታዊው የሂልደብራንድ ግጥም አያቱ ሄሪብራንድ፣ ልጁ ሂልደብራንድ፣ የልጅ ልጁ ሃዱብራንድ ይባላሉ፤ «ብራንድ» የምትለዋ ክፍል ከትውልድ ወደ ትውልድ ትወርዳለች፣ የፊተኛዎቹም ሦስቱም በ«ሀ» ድምፅ ይጀምራሉ። ሄድቪግ የተባለው የሴት ስም ደግሞ ነገሩን ይለይለታል፤ «ሃዱ» ውጊያ ነው፣ «ዊግ» ውጊያ ነው፣ ስለዚህ «ውጊያ ውጊያ» ይሆናል። ትርጉም ያለው ሐረግ ፈልጎ እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ ሰው የለም። በዚህ ረገድ ከእኛ ስሞች ይለያል። የሣህለ ሥላሴ አባት ስም ወሰን ሰገድ ነው፤ እሱም ሁለት ቃል ነው፣ ነገር ግን ሰምቶ የማይገባው አማርኛ ተናጋሪ የለም። ሉድቪግ እንደዚያ ተሰምቶ የሚገባ ስም መሆኑ ካበቃ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል።

የአንድን ጀርመኒክ ስም ትርጉም ማጣራት የሚፈልግ ሰው መነሳት ያለበት ከዛሬው አጠራር ሳይሆን ከሚገኘው እጅግ አሮጌ ጽሑፍ ነው። ከዚያ ስሙን ለሁለት ይከፍላል፤ እያንዳንዱን ክፍል የያዙ ሌሎች ስሞችን ይሰበስባል፤ ክፍሉ በእነዚያም ውስጥ ያንኑ ፍች መስጠቱን ያያል። ይህን ያላደረገ ሰው በሁለት በኩል ይሳሳታል። አንደኛ፣ በ«ሉድ» የሚጀምር ሁሉ የሉድቪግ ዘመድ ይመስለዋል። በ809 የሞተው የመጀመሪያው የሙንስተር ጳጳስ ሉድገር በአሮጌው አጻጻፍ «ሊውድገር» ነው፤ «ሊውድ» ሕዝብ፣ «ገር» የሚወረወር ጦር ማለት ናቸው፤ ዝናም «ህ»ም የለበትም። ሊውዶልፍ፣ ሉዶልፍ የሚሉትም ስሞች ከዚሁ «ሕዝብ» ከሚለው ቃልና «ተኩላ» ከሚለው «ወልፍ» ይወጣሉ። ለእኛ አንባቢ ይህ የሩቅ ምሳሌ አይደለም። በኤርፉርት በ1624 የተወለደው፣ በአባ ጎርጎርዮስ እየታገዘ ግዕዝንና አማርኛን ያጠናው፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው ኢዮብ ሉዶልፍ የቤተሰቡ ስም «ሎይትሆልፍ» ነበር። «ሎይት» ዛሬም በጀርመንኛ ሰዎች ማለት ነው። ስለዚህ የሊቁ ስም ከሉድቪግ ጋር የሚጋራው የፊደሉን መልክ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከጀርባ ነው። ሽሌስቪግ የተባለው የሰሜን ጀርመን ከተማ መጨረሻው ላይ «ቪግ» አለው፣ ግን ከውጊያ ጋር አይገናኝም፤ የባሕር ሰርጥን ወይም የንግድ ሰፈርን ከሚያመለክት ሌላ ቃል የመጣ ነው። የቦታ ስምና የሰው ስም በአንድ መፍቻ አይፈቱም።

ከህሎድዊግ እስከ ክሎቪስ

ስሙን በታሪክ መድረክ ላይ ያወጣው የፍራንኮች (ዛሬ ፈረንሳይ የሆነውን አገር የያዘ ጀርመኒክ ሕዝብ) ንጉሥ ክሎቪስ ነው። በ466 ገደማ ተወልዶ በ481 ወይም በ482 ነገሠ፤ በ486 ሶይሶን ላይ የመጨረሻውን የሮማ ገዥ ሲያግሪዩስን አሸነፈ፤ በሬምስ በጳጳሱ ሬሚጊዩስ እጅ ተጠመቀ፤ በ511 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። በራሱ ቋንቋ ስሙ «ህሎድዊግ» ነበር። ላቲን የሚጽፉት ጸሐፊዎች ግን «ህል» የሚል ድምፅ በአፋቸውም በፊደላቸውም አልነበራቸውም። ስለዚህ ሁለት መንገድ ያዙ። አንዳንዶቹ «ህ»ን ጣሏት፤ ከራቬና የኦስትሮጎቶቹ ንጉሥ ቴዎዶሪክ የላከለት ደብዳቤ «ሉዱዊን» ብሎ ይጠራዋል። ሌሎቹ ቅርብ መስሎ በታያቸው በላቲኑ ሲና ኤች ተኩት፤ የ6ኛው መቶ ዓመት ታሪክ ጸሐፊ የቱሩ ጎርጎርዮስ «ክሎዶቬኩስ» ብሎ ጽፎታል። ከዚህ ከሁለተኛው መንገድ ነው ፈረንሳይኛው «ክሎቪስ» የወጣው። «ክ» ከግሪክኛው ዘመድ በተለየ በብዙ መቶ ዓመት በኋላ በጸሐፊ ብዕር ተመልሳ መጣች ማለት ነው።

በጎርጎርዮስ አጻጻፍ ላይ አንድ የቆየ ክርክር አለ። ሁለተኛው ክፍል «ዊግ» ከሆነ «ቪኩስ» መሆን ሲገባው እሱ የጻፈው «ቬኩስ» ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ የቋንቋ ሊቃውንት የንጉሡ ስም ሁለተኛ ክፍል ጦርነትን ሳይሆን «የተቀደሰ» የሚለውን ሌላ ቃል ይዟል ይላሉ። ለኋለኛው ሉድቪግ ግን ክርክሩ ብዙ አይለውጥም፤ ከ8ኛው መቶ ዓመት በኋላ የተጻፉት ቅርጾች «ዊግ»ን በግልጽ ያሳያሉ።

የዚህ ንጉሥ ቤት፣ የሜሮቪንጎች ቤት፣ «ህሎድ» የምትለዋን ክፍል እንደ ማኅተም ይዟት ኖሯል። ከልጆቹ አንዱ ክሎዶመር፣ ሌላው ክሎታር ይባላሉ፤ የኋለኛው «ህሎድ» እና «ሃሪ» (ሠራዊት) ሆኖ ዛሬ በጀርመንኛ ሎታር የሚባለው ስም ነው። ሉድቪግና ሎታር ወንድማማች ስሞች ናቸው፤ ይህም ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ለአንድ ንጉሥ ጠቀመው።

የ778ቱ መንትዮች

በ751 ፒፒን የተባለው የቤተ መንግሥት አዛዥ የመጨረሻውን ሜሮቪንግ ከዙፋን አውርዶ፣ ረጅም ጸጉሩን አስላጭቶ ወደ ገዳም አስገባውና ራሱ ነገሠ። በአዲሱ ቤት የሚወጡት ስሞች ካርል፣ ፒፒንና ካርልማን ነበሩ። የፒፒን ልጅ ካርል፣ ሻርለማኝ የምንለው፣ የመጀመሪያ ወንዶች ልጆቹን በእነዚሁ ስሞች ሰየመ። በ778 ግን ፑዋትዬ አጠገብ ሻስነይ በተባለው ቦታ ንግሥት ሂልደጋርድ መንታ ወንዶች ወለደች። እነዚህን «ህሉድዊግ» እና «ህሎታር» አላቸው። ሁለቱም በቤቱ ተወጥተው የማያውቁ፣ የተገለበጠው ቤት ታላላቅ ነገሥታት የተጠሩባቸው ስሞች ናቸው።

የስሙ ታሪክ ቁልፉ እዚህ ነው። ሻርለማኝ ልጁን «በውጊያ ዝነኛ ሁን» ብሎ አልሰየመውም። «እኛም የክሎቪስ ወራሾች ነን» ነው ያለው። ዙፋኑን በጉልበት የወሰደ ቤት ዘሩን በስም ይጠግናል። ሎታር በሕፃንነቱ ሞተ። ህሉድዊግ ገና በሦስት ዓመቱ የአኪቴን ንጉሥ ተብሎ ተቀባ፤ ወንድሞቹ በየተራ ስላለቁም በ814 ግዛቱን በሙሉ ወረሰ። በታሪክ ሉድቪግ መንፈሳዊው የሚባለው እሱ ነው። የሞተው መንትያው ስም እንዳይቀር ብሎ ይመስላል፣ የራሱን የመጀመሪያ ልጅ ሎታር አለው።

የጠፋችው «ህ»

ይህ ሉድቪግ በ840 ሲሞት ልጆቹ ተጣሉ። የካቲት 14 ቀን 842 ሁለቱ፣ ሉድቪግ ጀርመናዊውና ካርል መላጣው፣ ስትራስቡርግ ላይ በታላቅ ወንድማቸው በሎታር ላይ ተማማሉ። እያንዳንዱ የሚምለው በሌላው ሠራዊት ቋንቋ ነበር፤ ሉድቪግ በሮማንስ (ከላቲን ወጥቶ ኋላ ፈረንሳይኛ በሆነው ቋንቋ)፣ ካርል በጀርመንኛ፤ የተማማሉትን ወታደሮቹ ራሳቸው ሰምተው እንዲመሰክሩ ነው። ቀጥለው ወታደሮቹ በየራሳቸው ቋንቋ ማሉ። የሻርለማኝ የልጅ ልጅ የነበረው ኒትሃርድ ቃሉን እንዳለ መዝግቦታል። በሮማንሱ መሐላ ስሙ «ሎድሁቪግስ» ነው፤ በጀርመንኛው «ሉድሁዊገ»። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ሲለያዩ በዓይኑ ያያል። ሁለቱም ላይ የፊተኛዋ «ህ» የለችም። መሐል ላይ ከ«ድ» በኋላ ያለችው ሌላ ናት፤ «ድ» ለስላሳ መሆኗን ለማመልከት ጸሐፊው የጨመራት።

ይሁን እንጂ የቤተ መንግሥት ብዕር ከአፍ ይዘገያል። የሉድቪግ መንፈሳዊው ሳንቲሞች ስሙን ከነ«ህ»ዋ ያሳያሉ። ነሐሴ 3 ቀን 881 ሶኩር ላይ ቫይኪንጎችን ላሸነፈው ለወጣቱ ንጉሥ ሉድቪግ 3ኛ የተገጠመው የጥንታዊ ጀርመንኛ ግጥምም «አንድ ንጉሥ አውቃለሁ» ብሎ ይጀምርና ስሙን «ህሉድዊግ» ይለዋል። ግጥሙ በድል ስሙ የተሰማን ንጉሥ ያወድሳል፤ የስሙ ፍችና የሰውየው ሥራ እንዲህ የሚገጥሙበት ሌላ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ንጉሡ ግን ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት ብዙም አልዘለለም፤ በነሐሴ 882 ሞተ።

ከዚያ በኋላ «ህ» ከጽሑፍም ወጣች። በላቲን «ሉዶቪኩስ» ጸና፤ በጀርመንኛ «ሉደቪግ» ከዚያም «ሉድቪግ» ሆነ። በፈረንሳይኛ «ድ» በሁለት አናባቢ መካከል ስትቀልጥና መጨረሻው ሲረግፍ «ሉዊ» ቀረ። ጀርመኖች የፍራንኩን ንጉሥ ከሌሎቹ ለመለየት «ክሎድቪግ» ይሉታል፤ ይህንን አሮጌ ቅርጽ ለልጆቻቸው ያወጡ የመኳንንት ቤቶችም አሉ። ከ1894 እስከ 1900 የጀርመን ቻንስለር የነበሩት መስፍን ክሎድቪግ ሆኸንሎኸ ይባሉ ነበር።

በፈረንሳይ

የመጨረሻው የሻርለማኝ ዘር ንጉሥ ሉዊ 5ኛ በ987 ሲሞት ዙፋኑን የካፔ ቤት ወሰደ። አዲሱ ቤት ሮቤር፣ ሁግና ሄንሪ ይል ነበር። በ1081 ግን ንጉሥ ፊሊፕ 1ኛ ወራሹን ሉዊ አለው። ሻርለማኝ በሜሮቪንጎች ስም ያደረገውን ካፔዎች በሻርለማኝ ዘር ስም ደገሙት። ከዚያ ወዲያ ስሙ ወደ ፈረንሳይ ዙፋን ደጋግሞ ተመለሰ፤ የሉዊ 9ኛ ቅድስና ደግሞ አጸናው። እኚህ ንጉሥ በ1270 ቱኒስ ላይ በመስቀል ጦርነት ዘመቻ ሞተው በ1297 ቅዱስ ተባሉ፤ በዓላቸው ነሐሴ 25 ነው። በካቶሊክ አገሮች ሉድቪግ ወይም ሉዊ የተባለ ሰው የስሙን ቀን በአብዛኛው የሚያከብረው በዚህ ዕለት ነው።

ከ1610 እስከ አብዮቱ ድረስ የነገሡት አራቱም ነገሥታት ሉዊ ናቸው። ከ1640 ጀምሮ የተመታው የወርቅ ሳንቲም ራሱ «ሉዊ» ተባለ። ለአቆጣጠሩ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ፈረንሳዮች ቁጥሩን የሚጀምሩት ከሻርለማኝ ልጅ ነው፤ ክሎቪስ ያው ስም ቢሆንም አይቆጠርም። 17ኛው በ1795 በእስር ቤት የሞተ የ10 ዓመት ልጅ ነበር፤ አልነገሠም፤ 18ኛው ግን የእሱን ቁጥር አክብሮ ዘለለ። በጀርመን ወገን ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። «ሉድቪግ 4ኛ» በ911 የሞተው ሉድቪግ ሕፃኑ ሊሆን ይችላል፤ በ1328 ሮም ላይ ዘውድ የጫነው ሉድቪግ ባቫሪያዊውም ሊሆን ይችላል። ጀርመኖች ነገሥታቱን በቅጽል የሚጠሩት ለዚህ ነው። አማርኛ ተርጓሚም ቁጥሩን ብቻ ገልብጦ ከሚያልፍ ቅጽሉን ቢጨምር አንባቢውን ከስህተት ያድናል።

በባቫሪያ

ዛሬ ሉድቪግ ሲባል ብዙ ጀርመናዊ በመጀመሪያ የሚያስበው ባቫሪያን ነው። የባቫሪያ ሦስት ነገሥታት በዚህ ስም ተጠርተዋል። የመጀመሪያው ነሐሴ 25 ቀን 1786 ስትራስቡርግ ውስጥ ተወለደ፤ አባቱ በፈረንሳይ ጦር ውስጥ መኮንን ስለነበር የክርስትና አባቱ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ሆነ፣ ስሙንም ከእሱ ወሰደ። ስለዚህ ይህ «እጅግ ባቫሪያዊ» የሚመስል ስም ለዚህ ንጉሥ የደረሰው በፈረንሳይ በኩል ዞሮ ነው። በ1810 ልዑሉ ቴሬዘን ሲያገባ ለሰርጉ ሙኒክ ላይ የተደረገው የፈረስ ግልቢያ የዛሬው ኦክቶበርፌስት መነሻ ሆነ።

በ1845 የልጅ ልጁ ሲወለድ ወላጆቹ ኦቶ ሊሉት አስበው ነበር። ሕፃኑ የመጣው ግን በዚያው በነሐሴ 25፣ በአያቱ የልደት ቀንና በቅዱስ ሉዊ በዓል ነበር። ንጉሡ ሞክሼዬ መሆን አለበት አሉ፤ ሆነም። ኦቶ የሚለው ስም ሦስት ዓመት ቆይቶ ለተወለደው ታናሽ ወንድም ደረሰ። ያ ሕፃን በ1864 የነገሠው፣ ከ1869 ጀምሮ ኖይሽቫንሽታይንን ያሠራው፣ በሰኔ 1886 በሽታርንበርግ ሐይቅ ሞቶ የተገኘው ሉድቪግ 2ኛ ነው። በባቫሪያ ቋንቋ ሉድቪግ ሲቆላመጥ «ሉጊ» ወይም «ቪገርል» ይባላል፤ አንዱ የስሙን ፊት፣ ሌላው የስሙን ጀርባ ይይዛል። በሌሎች ክፍለ አገሮች «ሉትስ» የሚል አጭር ስም አለ።

ስሙ የከተማና የተቋም መጠሪያም ሆኗል፤ እዚህም የትኛው ሉድቪግ እንደሆነ መለየት ይገባል። የራይኑ ሉድቪግስሃፈን በባቫሪያው በሉድቪግ 1ኛ፣ ሽቱትጋርት አጠገብ ያለችው ሉድቪግስቡርግ ደግሞ በቩርተምበርጉ መስፍን በኤበርሃርድ ሉድቪግ ተሰይመዋል። የሙኒኩ ሉድቪግ ማክሲሚሊያን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ሉድቪግ ብዙ ሰው እንደሚመስለው ንጉሡ አይደለም፤ በ1472 ኢንጎልሽታት ላይ ያቋቋመው ባለጠጋው መስፍን ሉድቪግ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው የዛርሉዊ ነው። ሉዊ 14ኛ በ1680 ያስቆረቆራትን ይህችን የድንበር ከተማ ናዚዎች በ1936 «ፈረንሳይኛ ስም» ብለው ዛርላውተርን አሏት። የፋቁት ቃል ከጥንታዊ ጀርመኒክ ስሞች አንዱ ነበር። በ1945 ስሟ ተመለሰ።

የቤትሆቨን ቤት

በተራው ሰው ቤት ስሙ እንዴት ይወርድ እንደነበር ለማየት ከቦኑ ሙዚቀኛ ቤተሰብ የተሻለ ምሳሌ የለም። አያትየው በ1712 በፍላንደርሷ ሜኸለን የተወለደው ሎደቬይክ ቫን ቤትሆቨን ነው፤ ቦን ሄዶ የመራጩ መስፍን ሙዚቃ አለቃ ሲሆን ሉድቪግ ተባለ። ልጁ ዮሐን የመጀመሪያ ወንድ ልጁን በሚያዝያ 1769 ሉድቪግ ማሪያ ብሎ አስጠመቀ፤ ሕፃኑ ስድስት ቀን ብቻ ኖረ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1770 የተጠመቀው ቀጣዩ ልጅ፣ ታላቁ አቀናባሪ፣ ያንኑ ስም ወሰደ። የሞተን ሕፃን ስም ለሚቀጥለው መስጠት በዚያ ዘመን አውሮፓ የተለመደ ነበር፤ የአያት ስም ደግሞ ያለ ወራሽ መቅረት አልነበረበትም። ለታሪክ ጸሐፊ ግን ወጥመድ ነው፤ የጥምቀት መዝገብ ላይ «ሉዶቪኩስ» ያየ ሰው ዓመቱን ካላስተዋለ አንዱን ልጅ በሌላው ይተካል።

አቀናባሪው ራሱ እንደ ቋንቋው ስሙን ይለዋውጥ ነበር። በፈረንሳይኛ «ሉዊ»፣ በጣሊያንኛ «ሉዊጂ» ብሎ ይጽፋል። «ቫን» የምትለዋ ቃል ፍላማንድኛ ናት፣ «የ» ማለት ናት፣ እንደ ጀርመንኛዋ «ፎን» የመኳንንት ምልክት አይደለችም፤ በ1818 ቪየና ውስጥ በወንድሙ ልጅ ሞግዚትነት ጉዳይ ሲከራከር ይህ ስለታወቀ ጉዳዩ ከመኳንንት ችሎት ወጥቶ ወደ ተራው ተመራ።

በሌሎች ቋንቋዎች

ቅርጾቹን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም፤ የሚያሳስቱት ላይ እናተኩር። እንግሊዝኛው ሉዊስ ከፈረንሳይኛው የመጣ ነው፤ በዌልስ ግን ሕዝቡ ልዌሊን የሚለውን የራሱን ስም በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «ሉዊስ» ስለሚለው እያንዳንዱ የዌልስ ሉዊስ የሉድቪግ ዘር አይደለም። ክሮአቶች «ልዩዴቪት» ይላሉ፤ «ልዩዲ» በቋንቋቸው ሰዎች ማለት ስለሆነ ስሙን ወደ ቤታቸው ቃል ጎትተውታል። የክሮአት ፊደል አስተካካይ ልዩዴቪት ጋይ ሲወለድ ሉድቪግ ነበር። አሎይሲዩስ ሌላ ነው፤ ምናልባት የተለየ ጥንታዊ ስም ሳይሆን አይቀርም፤ ይሁንና ሉዊጂ ጎንዛጋ የተባለው የ16ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ በላቲን አሎይሲዩስ ስለተባለ ሁለቱ ተቀላቅለዋል። የማንችስተር ዩናይትድ አሠልጣኝ የነበረው ሉዊ ቫን ኻል በመዝገብ ስሙ አሎይሲዩስ ነው። ሀንጋሪዎች ላዮሽ ይላሉ፤ ፖላንድንም የገዛው ታላቁ ላዮሽ ሴት ልጁ ያድቪጋ በ1384 በፖላንድ «ንጉሥ» ተብላ ዘውድ ጫነች። ያድቪጋ ከላይ ያነሳናት ሄድቪግ ናት፤ አባትና ልጅ «ዊግ»ን ተጋርተዋል።

ከኢትዮጵያ ጋር

ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1810 ቱቢንገን አጠገብ ደሬንዲንገን ተወለደ። ከትግራይ ከተባረረ በኋላ በ1839 ሸዋ ገብቶ እስከ 1842 አንኮበር ተቀመጠ፤ ከወንጌል ክፍሎች ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ። በ1860 እንግሊዝ አገር የታተመው የጉዞ መጽሐፉ ላይ ግን ስሙ «ሉዊስ ክራፕፍ» ነው። ሉድቪግና ሉዊስን ሁለት ሰው አድርጎ የሚያነብ ተማሪ አይጠፋም፤ አንድ ሰው ናቸው። «ዮሐን» ደግሞ በዚያ ዘመን በጀርመን እጅግ ብዙ ወንድ ልጅ ከፊት የሚሰጠው ስም ስለሆነ ሰውን ከሰው የሚለየው ሁለተኛው ስም ነበር።

ክራፕፍ ከሸዋ በወጣ በዓመቱ፣ በ1843፣ ሮሼ ዴሪኩር የተባለው ፈረንሳዊ በሣህለ ሥላሴና በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ ፊሊፕ መካከል የወዳጅነት ውል አስደረገ። አንድ የሸዋ ንጉሥ በአራት ዓመት ውስጥ አንዱን ስም በጀርመንኛ ቅርጹም በፈረንሳይኛ ቅርጹም አስተናግዷል። ጣሊያንኛውም ቆይቶ መጣ፤ በ1928 እና በ1929 የዋቢ ሸበሌን ምንጭ ያጠናው የአብሩዚው መስፍን ሉዊጂ አሜዴኦ ነው። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡት የአማርኛ ብሬልም የተሰየመው በሉዊ ብሬይል ነው።

በአማርኛ ሲጻፍ

በጋዜጦቻችን «ሉድዊግ» እና «ሉድቪግ» ሁለቱም ይታያሉ። የመጀመሪያው ጀርመንኛውን በእንግሊዝኛ አንደበት ማንበብ ነው። የዛሬው ጀርመንኛ ያንን ፊደል «ቭ» ብሎ ስለሚያነበው «ቪ» ትክክል ነው፤ «ዊ» ተገቢ የሚሆነው ስለ መካከለኛው ዘመን ቅርጽ ሲጻፍ ብቻ ነው። በአፍ ሲነገር «ሉ» ረዘም ይላል፣ «ድ» ወደ «ት» ይደነድናል፣ መጨረሻው በመደበኛው አነጋገር በ«ሽ»ና በ«ኽ» መካከል ያለ ድምፅ ሆኖ «ሉትቪሽ» ይመስላል፤ በባቫሪያና በኦስትሪያ «ሉትቪክ» ነው። ሙኒክና ፍራንክፈርት የሚኖሩ ሁለት ሐበሾች የአንድ ጎረቤታቸውን ስም ለየብቻ ቢጠሩት ሁለቱም ልክ ናቸው። በጽሑፍ ግን «ሉድቪግ» ይበጃል፤ ጀርመኖቹ ራሳቸው አናባቢ በተከተለ ጊዜ «ግ»ን መልሰው ያሰሟታልና። ፈረንሳዊውን ሉዊ፣ እንግሊዛዊውንና ስፔናዊውን ሉዊስ ማለት ይገባል፤ «ሉዊስ 14ኛ» የሚለው የተለመደ አጻጻፍ ፈረንሳዮች የማያሰሙትን «ስ» ያስገባል።